ሳይወልዱ ማጥባት

(መለያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ አርግዛ ያልወለደች ሴት ጡቷ ወተት ሊሰጥ ይችላል። ነገሩ እንደ ተአምር ቢወራም በሕክምና ዘንድ የታወቀ የሰውነት አሠራር ነው። በጉዲፈቻ ሕፃን የተቀበለች ሴት፣ ልጇ በሌላ ሴት ማህፀን አድሮ የተወለደላት እናት፣ ልጇን ቀብራ የልጅ ልጇን የታቀፈች አያት፣ እነዚህ ሁሉ ሲያጠቡ ታይተዋል።

ታዲያ ወተቱ ከየት ይመጣል? ከመውለድ ነው ወይስ ከመጠባት?

(የላም ድምፅ፤ የወተት ባልዲ ድምፅ፤ ይወርዳል)

መልሱን ለመፈለግ ከሱሉልታ መነሳት ይቻላል። ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ላይ ያለችው ይህች ከተማ ለአዲስ አበባ ወተት ከሚገባባቸው አካባቢዎች አንዷ ናት። በዚያ አካባቢ ላም ሲያልብ ያደገ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ጥጃው ቀምሶ ካልተወ በቀር ላሟ ወተቷን አታወርድም። ጥጃ የሞተባት ላም ስትሆን ደግሞ የጥጃውን ቆዳ ጭድ ሞልተው ከፊቷ ያቆሙላታል። ትልሰዋለች፤ ጡቷ ያጋታል፤ ወተቷንም ትለቃለች።

አድማጮች፣ ላሟን ያታለላት ምንድን ነው? ሽታው፣ ንክኪው፣ ጥጃዋ አጠገቧ ያለ መምሰሉ ነው። ከአንጎል ሥር ያለች ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ ኦክሲቶሲን የተባለውን ንጥረ ቅመም ትለቃለች፤ እሱም ጡት ውስጥ የተሠራውን ወተት ወደ ውጭ ይገፋዋል። በሴት ልጅም ያው ነው። የልጅ ልቅሶ ስትሰማ ልብሷ የሚረጥብ እናት የምታውቀው ነገር ነው።

የላሟ ምሳሌ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚያስረዳው። ያቺ ላም ወልዳለች፤ ወተቱ ተሠርቶ ተቀምጧል፤ የቀረው ማውረድ ነው። ያልወለደች ሴት ዘንድ ወተቱ ገና አልተሠራም። እዚህ ላይ ሌላ ንጥረ ቅመም ይመጣል፤ ስሙ ፕሮላክቲን ነው። ሥራው ወተት ማሠራት ነው። ፕሮላክቲንን የሚያስነሳው ዋናው ነገር ደግሞ የጡት መጠባት፣ የጡት ጫፍ መነካትና መሳብ ነው።

በእርግዝና ጊዜ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉት ጡትን ለወራት ያዘጋጁታል፤ የወተት ከረጢቶቹንና ቦዮቹን ያሳድጋሉ። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ፕሮጄስትሮን በድንገት ይቀንሳል፤ የወተቱ በር ይከፈታል። ይህ ለወለደች ሴት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ወልዳም ካላጠባች ወተቷ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይደርቃል። ስለዚህ ለወለደችው መውለድ ያስጀምራል፤ መጥባት ያዘልቃል። ላልወለደችው መጥባቱ ራሱ ያስጀምራል።

ይህ መደገም አለበት። ላልወለደችው ሴት ወተቱን የሚያስጀምረው መጥባት ነው።

በአምቦ መንገድ ላይ ያለችው ቡራዩ የገፈርሳን ግድብ ጎረቤቷ አድርጋ ትኖራለች። ብዙ ሰው ጡትን እንደዚያ ግድብ ያስበዋል፤ ውሃ አጠራቅሞ የሚጠብቅ፣ ሲቀዳ የሚጎድል። ጡት ግን ለምንጭ ይቀርባል። የሚቀዳው በበዛ መጠን የሚመነጨውም ይበዛል፤ ቀጂ ሲጠፋ ይደፈናል። «ወተቱ ይጠራቀም» ብላ ጡቷን የምታሳርፍ ሴት ሳታውቀው ምንጩን እየደፈነች ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ጡትንና የሰው ልጅ መቀበልን ማገናኘት በዚህ አገር አዲስ አይደለም። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ የገባ ነው፤ ሥሩም ማሳደግን ያመለክታል። በኦሮሞ ባህል በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ ሙሉ ልጅ ነው፤ ይወርሳል፣ በአሳዳጊው ስም ይጠራል። ሀርመ ሆዳ የሚባል ሥርዓትም አለ፤ ቃሉ በቀጥታ ጡት መጥባት ማለት ነው። በዚህ ሥርዓት ባዕድ የነበረ ሰው ዘመድ ይሆናል።

በአማራው ባህልም «የጡት ልጅ»፣ «የጡት አባት» የሚል አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገሩን የጎበኙ አውሮፓውያን ተጓዦች፣ የኃያል ሰው ጥበቃ የፈለገ ሰው የዚያን ሰው ጣት ይዞ ጠብቶ ልጁ መሆኑን እንደሚያውጅ ጽፈዋል። ልብ ይሏል፤ የሚጠባው ወንድ ነው፣ ወተትም የለም። ግን ቃሉ ጡት ነው። ዝምድና የሚሠራው በመጥባት እንደሆነ የተረዳ ሕዝብ ነው ያን ቃል የመረጠው።

በእስልምናም የጡት ዝምድና ሕግ አለው። ሕፃኑ ከሁለት ዓመቱ በፊት ጠብቶ ከሆነ፣ ያጠባችው ሴት የጡት እናቱ ትሆናለች፤ ልጆቿም ወንድምና እህቱ ናቸው፤ መጋባት የለም። የመጥባቱ ቁጥር እንደየመዝሀቡ፣ ማለትም እንደየሕግ ትምህርት ቤቱ፣ ይለያያል። በመሆኑም ሙስሊም ቤተሰብ የሌላ ሰው ሕፃን ሲያሳድግ የማጥባቱ ነገር ከምግብነት ያለፈ ትርጉም አለው፤ ልጁ ሲያድግ በቤቱ ውስጥ ከማን ጋር እንዴት ይኖራል የሚለውን ጥያቄ ያቀልላል። ከመጀመራቸው በፊት የሚያውቅ ሰው ቢጠይቁ ይበጃቸዋል።

ስለ ጡትና ስለ ባዕድ ሕፃን ሲነሳ ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ሳይነሱ አይታለፍም። በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ በሄዱ ጊዜ፣ በረሃብ በሞተች እናቷ ጡት ላይ ያለች ሕፃን አይተው አንስተው ወደ አዲስ አበባ አመጡ። የታወቀው የሕፃናት ማሳደጊያቸው የተጀመረው ከዚያ ነው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ለብዙ ሺህ ልጆች እናት ሆነዋል፤ እናትነታቸውም በማጥባት አልተለካም። ይህ የሚነሳው ያላጠባች አሳዳጊ ምንም እንዳልጎደላት እንዲታወስ ነው። ማጥባት ለምትፈልግ፣ ለምትችልና ጊዜው ለተገጣጠመላት ሴት የተከፈተ በር ነው፤ ፈተና ተደርጎ በማንም ላይ አይጫንም።

(ሙዚቃ፤ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ እንዴት ይጀመራል?

አንድ ምሳሌ ይወሰድ። በቡራዩ የምትኖር ሴት እንበል። ለዓመታት ልጅ አላገኘችም። ታናሽ እህቷ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሦስተኛ ልጇን ለእሷ ለመስጠት በቤተሰብ ፊት ቃል ተገብቷል። እንዲህ ያለው በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ እንግዳ ነገር አይደለም። ሴትየዋ አንድ ትልቅ ዕድል አላት፤ ሕፃኑ መቼ እንደሚመጣ ታውቃለች። ከሕፃናት ማሳደጊያ ልጅ የምትጠብቅ ሴት ይህ ዕድል የላትም።

የመጀመሪያው ጉዞዋ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ለምን? ኤች አይ ቪ በጡት ወተት ይተላለፋልና። ማንኛዋም ሴት ያልወለደችውን ሕፃን ከማጥባቷ በፊት መመርመር አለባት። የጉበት ቫይረስና የቂጥኝ ምርመራም አብሮ ይታያል። ባለቤቷም ቢመረመር መልካም ነው፤ በማጥባት ላይ እያለች የሚመጣ አዲስ ኢንፌክሽን ለሕፃኑ በጣም አደገኛ ነውና። የሕፃኑ እናት ሁኔታ የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ ሕፃኑም ይመረመራል።

በዚያው ቀን ስለ ጡቷ ትጠየቃለች። የጡት ቀዶ ሕክምና አድርጋ ታውቃለች? የታይሮይድ ችግር አለባት? የሚጥል በሽታ፣ የልብ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች? ከዚህ በፊት ወልዳ ወይም አጥብታ ታውቃለች? አጥብታ የምታውቅ ሴት አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ትጀምራለች፤ ፈጽሞ ያልወለደችውም ግን አትገለልም።

ቀጥሎ ሥራው ይጀመራል። ሥራው ደግሞ እጅ ነው።

(ለአፍታ ጸጥታ)

ሕፃኑ ከመምጣቱ ከሳምንታት፣ ቢቻል ከሁለት ወር ገደማ በፊት፣ ሴትየዋ ጡቷን ማለብ ትለማመዳለች። እጇን ትታጠባለች። ጡቷን ቀስ ብላ ታሻለች። ከዚያ አውራ ጣቷን ከላይ፣ ጠቋሚ ጣቷን ከታች፣ በጡት ጫፉ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ክፍል ጠርዝ ላይ ታደርጋለች። ወደ ደረቷ ገፋ፣ ከዚያ ጨመቅ፣ ከዚያ ለቀቅ። ጫፉን መጎተት የለም፤ ያቆስላል። በአንድ ጡት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ሌላው። የጡት ማለቢያ ፓምፕ ያላት ያን ትጠቀማለች፤ የሌላት እጇ ይበቃታል።

በቀን ስንት ጊዜ? ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ፣ ሌሊቱን ጨምሮ። ሌሊቱ እንዳይዘለል፤ ፕሮላክቲን በሌሊት ይበልጥ ይበረታል። ከባድ ነው። ለምን ከባድ አይሆንም? አዲስ የተወለደ ሕፃንም በቀን ስምንትና አሥር ጊዜ ይጠባል፤ ሴትየዋ ገና ያልመጣውን ልጅ ሥራ ራሷ እየሠራችለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አይወጣም። ጡቷ ይሞላል፣ ይወጠራል፣ ይከብዳል፤ አንዳንዴ የወር አበባ ይዛባል። ከዚያ አንድ ቀን የጠራ ወይም ነጭ ጠብታ ይታያል። ለአንዷ በሳምንት፣ ለሌላዋ በአራት ሳምንት፣ ለሌላዋ ከዚያም ዘግይቶ። አንዲት ጠብታ ናት። ከዚህች ጠብታ በፊት ተስፋ መቁረጥ ይቀላል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ መድኃኒቱስ? በካናዳ የሕፃናት ሐኪሙ ጃክ ኒውማንና ሌኖር ጎልድፋርብ የቀመሩት በብዙ አገር የታወቀ ዘዴ አለ። ጎልድፋርብ ራሷ ልጇ በሌላ ሴት ማህፀን ያደገላት እናት ናት። ዘዴው እንዲህ ነው፤ ሴትየዋ ለወራት የወሊድ መከላከያ ክኒን ያለማቋረጥ እየወሰደች ሰውነቷ እንደ ነፍሰ ጡር እንዲዘጋጅ ይደረጋል፤ ከዚያ ልጁ ሊወለድ ሳምንታት ሲቀሩት ክኒኑ ይቋረጣል። ማቋረጡ እንግዴ ልጁ እንደ ወጣ ያህል ነው። ያኔ ማለቡ ይጀመራል። ፕሮላክቲንን የሚያስነሳ ዶምፔሪዶን የተባለ መድኃኒትም አብሮ ይሰጣል።

ጎበዝ ዘዴ ነው፤ ግን ለሁሉም አይሆንም። የወሊድ መከላከያ ክኒኑ የደም መርጋት፣ የደም ግፊት ወይም ከባድ ራስ ምታት ላለባት ሴት አደገኛ ነው። ዶምፔሪዶን የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2004 ሴቶች ወተት ለማብዛት እንዳይወስዱት አስጠንቅቋል። በብዙ ፋርማሲ ፕላሲል በሚል ስም የሚታወቀው ሜቶክሎፕራሚድም ፕሮላክቲንን ያስነሳል፤ ግን ሲቆይ ጭንቀትና ድብርት፣ አንዳንዴም ያለ ፈቃድ የሚመጣ የፊት እንቅስቃሴ ያስከትላል። «ጎረቤቴ ወስዳው ነበር» ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛ መድኃኒት አይደለም። ሐኪም ሳያይ፣ ፈጽሞ።

ስለ አብሽ ብዙ ይባላል። አብሽ፣ የአጃ አጥሚት፣ ተልባ፣ ለአራስ ሴት የሚቀርቡ ናቸው፤ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ፈሳሽም ይጨምራሉ። ወተት ያመጣሉ የሚለው ማስረጃ ደካማ ነው። አጥሚት መጠጣት ደስ ይላል፤ ጎረቤት አጥሚት ይዛ ስትመጣ ያልወለደችው ሴት «አራስ» እንደሆነች ይሰማታል፤ ያም ቀላል ነገር አይደለም። አብሽን በብዛት መውሰድ ግን የስኳር በሽታ መድኃኒት ወይም ደም ማቅጠኛ ለምትወስድ ሴት ጉዳት ሊኖረው ስለሚችል ሐኪሟ ይወቅላት።

(ሙዚቃ፤ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ አሁን ሕፃኑ መጣ። የቡራዩዋ ሴት እህት ወለደች።

መጀመሪያ እንገሩ። ባልወለደች ሴት ጡት የሚመጣው ወተት አብዛኛውን ጊዜ እንገር የሚባለውን የመጀመሪያ ደረጃ ይዘልላል። የወለደችው እህት ጤነኛና ፈቃደኛ ከሆነች ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ብታጠባው፣ ወይም እንገሯን አልባ በሲኒ ብትሰጠው፣ ሕፃኑ ትልቅ ነገር ያገኛል። በማሳደጊያ በኩል ለሚመጣ ልጅ ይህ አይቻልም፤ በዘመድ መካከል በሚደረግ ጉዲፈቻ ግን የሚከለክለው ነገር የለም። የወለደችው እናት ስሜት ግን ይታሰብ። አጥብታ መስጠት ለአንዷ መጽናኛ፣ ለሌላዋ ቁስል ነው። ምርጫው የእሷ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። አድማጮች፣ በዚህ ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ የሚያዝ ቢሆን ይህ ይያዝ፤ ሕፃኑ መራብ የለበትም። ለአንድ ቀንም፣ «ጡቱን እንዲለምድ» ተብሎም ቢሆን። የአብዛኞቹ ያልወለዱ እናቶች ወተት የሕፃኑን ሙሉ ፍላጎት አያሟላም። የተራበ ሕፃን ይደክማል፤ የደከመ ሕፃን በኃይል አይጠባም፤ በኃይል ያልተጠባ ጡት ደግሞ ወተት አይጨምርም። ስለዚህ ሕፃኑን ማጥገብ ወተቱን ማገዝም ነው።

በምን ይጠገባል? እንደ ሰበታና ሱሉልታ ባሉ የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ትኩስ የላም ወተት ደጃፍ ድረስ ይመጣል፤ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። የላም ወተት በውሃ ቀጥኖም ቢሆን ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን አይሆንም፤ ለኩላሊቱ ይከብዳል፣ ብረት ያጎድለዋል። የሚሰጠው በጤና ባለሙያ ምክር የተመረጠ የሕፃናት የዱቄት ወተት ነው፤ በፈላ ውሃ፣ በመለኪያው ልክ፣ ለአንድ ጊዜ የሚሆን ብቻ ተበጥብጦ። ዋጋው ውድ መሆኑ ብዙዎችን በትንሽ ዱቄት ብዙ ውሃ እንዲጨምሩ ያደርጋል። ያ ረሃብ ነው፤ ዕቃው ሞልቶ የሚታይ ረሃብ።

ስንት ይበቃዋል? ለምሳሌ ሦስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ያስፈልገዋል። በስምንት ጊዜ ሲካፈል ለአንዱ ጊዜ የቡና ሲኒ ያህል ነው።

ታዲያ ይህ ወተት እንዴት ይሰጠው? በጡጦ ቢሆን ሕፃኑ ጡጦውን ይለምዳል፤ ጡቱ ሳይጠባ ይውላል። መላው ደግሞ በአገሪቱ ሆስፒታሎች ውስጥ አለ።

(የሕፃን ድምፅ፤ ይወርዳል)

በከፋ የምግብ እጥረት የተጎዱ፣ ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች የሆኑ ሕፃናት በየማረጋጊያ ማዕከሉ ይታከማሉ። የእናቶቻቸው ጡት ብዙ ጊዜ ደርቋል። ነርሶቹ የሚጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ነው፤ አንድ ኩባያና አንድ ቀጭን ቱቦ። ያው ዘዴ ያለ ምንም ለውጥ ለጉዲፈቻ እናት ይሠራል።

ወተቱ ኩባያ ውስጥ ይደረጋል። የቱቦው አንድ ጫፍ ኩባያው ውስጥ ይገባል። ሌላው ጫፍ በፕላስተር ጡቱ ላይ ተይዞ ከጡት ጫፉ አጠገብ ይቀመጣል። ሕፃኑ አፉን በሰፊው ከፍቶ ጡቱንም ቱቦውንም አብሮ ይጎርሳል። ሲስብ ወተት ይመጣለታል። ሕፃኑ ጡት መጥባት ይሸልማል ብሎ ይማራል፤ ጡቱ ደግሞ እየተጠባሁ ነው ብሎ ይሠራል። በአንድ ጉርሻ ሁለት ሥራ።

ኩባያው የት ይያዝ? መጀመሪያ ላይ ከጡቱ በአምስትና በአሥር ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፤ ሕፃኑ ሲበረታ እስከ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ። ከጡቱ በላይ አይያዝም። ከፍ ካለ ወተቱ ያለ ጥረት ይፈስሳል፤ ሕፃኑንም ትን ሊለው ይችላል። መጀመሪያ አካባቢ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ እናት ሕፃኑን ትይዛለች፣ ባል ወይም እህት ኩባያውን። በዚህ ሥራ ላይ የባል እጅ ይታያል፤ ለአባትም የራሱ ቦታ ነው። ከእያንዳንዱ መመገብ በኋላ ቱቦው በንጹሕ ውሃ በሲሪንጅ ይታጠባል፤ ውሃው እስኪወጣ ይወዛወዛል። የታጠበ የሚመስል ቱቦ ውስጡ ወተት ሊደርቅበት ይችላልና አዲስ ቱቦ በየጊዜው ይተካል። የመጀመሪያው ልምምድ ከነርስ ወይም ከአዋላጅ ጋር ይሁን።

ጡት የማይቀበል ሕፃንስ? ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ይቀበላል። ሦስት ወር ያለፈው፣ ጡጦ የለመደው፣ ጀርባውን ይሰጣል፤ ያለቅሳል። እናት እንደተጠላች ይሰማታል። አልጠላትም፤ ጡት ምን እንደሆነ አያውቅም። ራቁት ደረቷ ላይ ጋደም አድርጋ፣ እንቅልፍ ሊወስደው ሲል፣ በጣም ሳይርበው፣ በቀን ደጋግማ ታቀርብለታለች። ማስገደድ የለም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ወተቱ እየበዛ መሆኑ በምን ይታወቃል? በጡት መሙላት አይለካም። ሽንትና ሚዛን ናቸው ምስክሮቹ። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ሕፃኑ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ዳይፐር ወይም ጨርቅ ካረጠበ፣ ሽንቱም ጠቆር ያላለና ሽታው ያልከበደ ከሆነ፣ መልካም ነው። በጤና ጣቢያ ሲመዘን በወር ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ከጨመረ በደንብ እየበላ ነው። ያን ጊዜ በኩባያው ውስጥ ያለው ወተት በትንሹ፣ በቀን 50 ሚሊ ሊትር ያህል ይቀነሳል፤ ጥቂት ቀን ይጠበቃል፤ ይመዘናል። ሚዛኑ ከቆመ ቅነሳው ይቆማል። ያልጨመረ ሕፃን ላይ መቀነስ የለም።

አንዳንዷ ሴት ኩባያውን ሙሉ በሙሉ ትተዋለች። ብዙዎቹ ግን ግማሹን በጡት፣ ግማሹን በኩባያ እስከ መጨረሻው ይቀጥላሉ። ይህ ውድቀት አይደለም። ትንሹም ወተት የበሽታ መከላከያ ይይዛል፤ ሕፃኑም ጡት ላይ ነው።

ስለ ሥራ ደግሞ አንድ እውነት አለ። በሰበታ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ወይም በታክሲ አዲስ አበባ ገብታ የምትወጣ ሴት ስምንት ጊዜ ማጥባት ይከብዳታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ነፍሰ ጡርና ስለ ወላድ ነው። በጉዲፈቻ ሕፃን የተቀበለች ሴት ከአሠሪዋ ጋር ቀድማ መነጋገር፣ የዓመት ፈቃዷን ለዚያ ጊዜ ማቆየት ይኖርባታል። ሕጉ ልጁን እንደ ልጇ እያየ የማጥቢያ ጊዜ ላይ ሲደርስ ዝም ማለቱ ትክክል አይመስልም።

በሕግ በኩል፣ ጉዲፈቻው በፍርድ ቤት ይጸድቃል። በአዲስ አበባ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ደግሞ የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ይሠራል። የውጭ አገር ሰዎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ የሚወስዱበት መንገድ በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል፤ እንደ ክበበ ፀሐይ ባሉ ማሳደጊያዎች የሚገኙ ሕፃናት የሚጠብቁት የአገር ውስጥ ቤተሰብ ነው። በሰበታ ጌቴሴማኒ ገዳም ወላጅ አልባ ሕፃናትን ሲያሳድጉ የኖሩ መነኮሳት ታሪክም የዚህ አካባቢ ሰው የሚያውቀው ነው። ሂደቱ ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ ከማሳደጊያ የምትጠብቅ ሴት ማለቡን ከወራት በፊት ብትጀምር አይበጃትም፤ ሰውነቷም ልቧም ይደክማል። ለእሷ የተሻለው ውሳኔው ሲቃረብ መጀመር፣ ሕፃኑ ሲመጣም በቱቦው ዘዴ ራሱ ሕፃኑ እንዲያስጀምራት ማድረግ ነው።

ጾሙስ? ወተት ለማምጣት የምትሠራ ሴት ሰውነቷ እንደ አጥቢ ሰውነት ነው። በቂ ምግብና ውሃ ያስፈልጋታል። ኦርቶዶክሷ ለንስሐ አባቷ፣ ሙስሊሟም ለሚያውቅ ሰው ነገሩን ብታስረዳ ይበጃል፤ ስላልወለደች ብቻ ነገሩ ላይገባቸው ይችላልና በግልጽ መንገር አለባት።

(ሙዚቃ፤ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ ሕፃኑ ስድስት ወር ሲሞላው ገንፎ ይጀምራል፤ የኩባያው ወተት በጤና ባለሙያ ምክር ቀስ በቀስ ቦታውን ለምግብ ይለቃል፤ ቱቦውም በጊዜው ይነሳል። ከዚያ በኋላ በጡቱ የሚገኘው፣ ብዙም ሆነ ጥቂት፣ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቀጥል ይችላል። ጡት ሲጥል በአንድ ቀን ባይሆን ይሻላል፤ አንድ አንዱ ጊዜ እየተተወ፣ በሳምንታት። የሚጠባ ሲቀንስ ፕሮላክቲኑ ይወርዳል፤ ያልወለደችውም ጡት እንደ ወለደችው ጡት ቀስ ብሎ ይደርቃል።

(መለያ ሙዚቃ ከፍ ይላል፤ ይጠፋል)